ሞዴሏ ስንት ነው?

ባለፈው ኅዳር አንድ ማክሰኞ ማታ አባቴ ከላሊበላ ደወለ። እኔ ከመኝታ ክፍላችን ወጥቼ፣ ኔትወርክ ከሚገኝበት ከኮሪደሩ መጨረሻ መስኮት ሥር ቆሜ ነበር። አባቴ ስልክ ላይ ሰላምታ አያረዝምም፤ «ደኅና ነሽ? እኛ ደኅና ነን» አለና ወደ ጉዳዩ ገባ። «ለመኪናዋ ገዢ ከወልድያ መጥቷል። 1 ሚሊዮን 350 ሺህ ይላል። ምን ትያለሽ?»

ምን እላለሁ? የሦስተኛ ዓመት የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ፤ በዕድሜዬ የሸጥሁት ነገር ቢኖር የአሥረኛ ክፍል አጋዥ መጽሐፍ ብቻ ነው። «እስኪ ላስብበት አባዬ» ብዬ ዘጋሁ። እንዴት እንዳሰብሁበት እነሆ ለእናንተ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ያሰብሁት በቅጡ አልነበረም።

መኪናዋ ቶዮታ ቪትዝ ናት። አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ይህ ስም ምንም አይነግረውም፤ እዚያ ቪትዝ እንደ እግረኛ ነው፣ መንገድ ሲሻገሩ የሚጋፉት። ላስታ ግን ሌላ አገር ነው። አባቴ 17 ዓመት የሰው ሚኒባስ ይዞ እንግዳ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሆቴል ሲያመላልስ ከኖረ በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. የራሱን መኪና ገዛ። ዋጋዋ 280 ሺህ ብር ነበር፤ ግማሹ ከእቁብ፣ ጥቂቱ ከአያቴ ከእማሆይ በሬ፣ የቀረው ከብድር የተገኘ ነው። ከአዲስ አበባ ሁለት ቀን ነድቶ በራችን ላይ ሲያቆማት ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። አንድ ጎረቤታችን ዞር ዞር ብለው አዩዋትና «ይቺማ የላንድክሩዘር ጥጃ ናት» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ጥጃዋ ሆኖ ቀረ። አባቴ ይህን ስም አልወደደውም። እማሆይ ግን «ጥጃ ያድጋል» አሉት።

ያን ጊዜ 12 ዓመቴ ነበር፤ የመጀመሪያው ሥራዬም ፍጥነት ማንበብ ሆነ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጃፓኖች በግራ በኩል ነው የሚነዱት፤ ስለዚህ መሪያቸው በቀኝ ነው። እኛ ዘንድ የገቡት ብዙዎቹ ቪትዞች መሪያቸው ዱባይ ላይ ወደ ግራ የተዛወረላቸው ናቸው፤ የእኛዋም እንዲሁ። መሪው ተዛወረ እንጂ ሁሉም አብሮት አልተዛወረም። ፍጥነት የሚያሳየው ሰዓት በዚህች መኪና ከሾፌሩ ፊት ሳይሆን መሃል ላይ ተቀምጦ በቁጥር የሚበራ ነው፤ የእኛዋ ቁጥር ደግሞ ፊቱን ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ወደ ድሮው ሾፌር አዙሮ ቀርቷል። የድሮው ሾፌር ቦታ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። «ስንት ነው?» ይለኛል አባቴ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «አርባ ሁለት!» እላለሁ። አንድም ቀን አልዋሸሁም፤ ስልሳን ሃምሳ ያልሁባቸው ጥቂት ቀኖች ካልተቆጠሩ በቀር።

ሌላም ያልተዛወረ ነገር ነበር። ፍሬቻው በቀኝ እጅ፣ ዝናብ መጥረጊያው በግራ እጅ ሆኖ ቀረ። 17 ዓመት በግራ እጁ ፍሬቻ ያበራ ሰው ምን ይሆናል? ወደ ቤታችን በታጠፈ ቁጥር ጠራራ ፀሐይ ላይ መጥረጊያው ደረቁን መስታወት ክርር ክርር ያደርገው ነበር። ልጆች ከኋላ እየሮጡ «ዘነበ! ዘነበ!» ይሉታል። ስድስት ወር ገደማ ፈጀበት።

እንግዲህ ከስልኩ በኋላ፣ ስለ ግጥም ቤት አመታት ማንበብ ሲገባኝ ላይብረሪ ገብቼ ስለ ቪትዝ ማንበብ ጀመርሁ። ልሽጣት ሲባል ምን እንደምትሸጥ ማወቅ አለብኝ ብዬ ነው። የቃል ተማሪ ነኝና የጀመርሁት ከስሟ ነበር። ቪትዝ የሚለው ስም ከጀርመንኛ የመጣ ነው፤ ቀልድ ወይም የአእምሮ ቅልጥፍና እንደ ማለት ነው። አውሮፓ ስትሄድ ደግሞ ያሪስ አሏት። የሳሏትም ጃፓናዊ ሳይሆኑ ሶቲሪስ ኮቮስ የሚባሉ ግሪካዊ ናቸው። ይህን ለአባቴ ብነግረው «የቀልድ መኪና ናት ታዲያ አንቺን ያስተማረችሽ?» ይለኛል ብዬ ተውሁት።

ዘሯን ስቆጥር ወደ ኋላ ብዙ ሄድሁ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1961 ፐብሊካ የምትባል ትንሽ መኪና አወጣ፤ ከእሷ በ1973 ፐብሊካ ስታርሌት ተወለደች፤ በ1978 ስታርሌት ለብቻዋ ስም ሆነች። በ1984 ጉልበቷ ከኋላ ጎማ ወደ ፊት ጎማ ተሻገረ። ስታርሌት እኛም አገር ነበረች፤ እንደ ዲኤክስ ገናና አልሆነችም እንጂ። በጥር 1999 ቪትዝ ቦታዋን ወሰደች። ርዝመቷ 3 ሜትር ከ61፣ ወርዷ 1 ሜትር ከ66፣ ቁመቷ 1 ሜትር ተኩል። አፍንጫዋን አሳጥረው ጣራዋን ከፍ አደረጉት፤ ሰው እንደ ወንበር ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ጉልበቱም ቦታ ያገኛል። ከውጭ ትንሽ፣ ከውስጥ ሰፊ። በዚያው ዘመን በጃፓንም በአውሮፓም የዓመቱ መኪና ተብላ ተሸለመች። ሽልማት ብዙ ጊዜ ለባለ ጠጋ ነገር ነው የሚሰጠው፤ ለጥጃ ሲሰጥ ደስ ይላል።

ከዚያ ወዲያ ታሪኳ የማደግ ታሪክ ነው፤ እማሆይ ልክ ነበሩ። በ2005 የመጣችው ሁለተኛዋ 3 ሜትር ከ75 ሆነች፤ ጉንጯ ሞላ። ትንሹ ሞተሯም ከዳይሃትሱ ጋር የተሠራ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሆነ፤ የእኛዋ አራት ነው ያላት። በ2010 መጨረሻ የወጣችው ሦስተኛዋ 3 ሜትር ከ88 ተኩል ደረሰች፤ መሃል የነበረውን ሰዓትም ወደ ሾፌሩ ፊት ወሰዱት። ይህን ሳነብ፣ አትሳቁብኝ፣ የሆነ ነገር ቆረጠኝ። ከዚያ ወዲያ በዚያች መኪና የትም አገር ልጅ ለአባቷ ፍጥነት አታነብም ማለት ነው። በ2017 ለጃፓን ገበያ በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የምትሄድ ቪትዝ ተጨመረች። በየካቲት 2020 አራተኛዋ ስትመጣ ርዝመቷ 3 ሜትር ከ94 ነበር፤ ቪትዝ የሚለውንም ስም አገሯ ላይ ትተው ያሪስ አሏት። ስሙ ግን አልሞተም፤ በ2023 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ቶዮታ ቪትዝ ተብላ የወጣችው ሌላ መኪና ናት፤ በትውልዷ የሱዙኪ ሴሌሪዮ ናት።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ርዝመቷ ሳይሆን ወርዷ ነው። ርዝመቷ በአራት ትውልድ 33 ሴንቲ ሜትር አደገ፤ አንድ ስንዝር ተኩል በሉት። ወርዷ ግን በሁለተኛዋ 1 ሜትር ከ69 ተኩል ደርሶ እዚያው ቆመ። ሦስተኛዋም ያው፣ አራተኛዋም ያው። ለምን? በጃፓን ሕግ መኪና ትንሽ የምትባለው ወርዷ ከ1 ሜትር ከ70 ካላለፈ ነው። ሲያልፍ ክፍሏ ይቀየራል። እነዚያ መሐንዲሶች አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ጋር ሲኖሩ እንደ ነበር አሰብሁ። እኛ ክፍል በየሴሚስተሩ በግማሽ ነጥብ ስለሚቀሩ ሰዎች ብዙ ይወራል፤ ቪትዝ ግን በግማሽ ሴንቲ እያለፈች ነው የኖረችው።

በጃፓን አንዲት መኪና ከሦስት ዓመቷ በኋላ በየሁለት ዓመቱ ምርመራ ታልፋለች፤ ወጪው ቀላል አይደለም። ባለቤቱ ይሰለቻል፣ አዲሱ ትውልድ ደግሞ ደርሷል። አሮጌዋ መርከብ ላይ ትወጣለች። እዚያ ትውልድ ማለት ስድስት ሰባት ዓመት ነው። እኛ ቤት በ2001 የፈረንጅ ዘመን የተሠራችው ጥጃ እማሆይን፣ አባቴንና እኔን አመላልሳለች፤ ትውልድ ማለት እኛ ነን፣ እሷ አንዷ ናት።

አንዷ ናት ስል ግን እንደ ነበረች ቆየች ማለቴ አይደለም። ላስታ የራሱን ለውጥ አደረገባት። ከወልድያ በድልብ በኩል ሽቅብ ወደ ጋሸና የሚወስደው፣ እኛ ቻይና መንገድ የምንለው፣ በደርግ ዘመን በቻይናዎች የተሠራው ነው። ከጋሸና ላሊበላ ደግሞ 64 ኪሎ ሜትር ሲሆን ያን ጊዜ ጠጠር ነበር። በ2009 ዓ.ም. አንድ ቀን አባቴ፣ እናቴ፣ እማሆይና እኔ ከወልድያ ስንመለስ ድልብን አልፈን ሽቅቡ ላይ ጥጃዋ አልሄድ አለች። አባቴ አንደኛ ማርሽ አስገባ፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ታዘግማለች። «ስንት ነው?» አለኝ። «አሥራ አንድ» አልሁ። እናቴና እኔ ወርደን በእግር ሄድን፤ ምን አለፋችሁ፣ ኩርባው ላይ ቀድመናት ደረስን።

አሁን ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ሞተር አየር ይተነፍሳል፤ ከፍ ባልህ መጠን አየሩ ይሳሳል፤ እንደ እሷ ያለ ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። የእሷ ሞተር 1000 ሲሲ እንኳ አይሞላም፣ 997 ነው፤ ጉልበቱም 70 ፈረስ ነው ተብሎ የተጻፈው በባሕር ዳርቻ አየር ነው። ላሊበላ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከሰባው ፈረስ ላሊበላ የሚደርሱት ሃምሳ ሁለት ሃምሳ ሦስቱ ናቸው ማለት ነው፤ ጋሸና ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳሉ። የቀሩት ፈረሶች ቆላ ላይ ሣር ሲግጡ ታዩኝ። እማሆይ ያን ቀን ከወንበራቸው ሳይወርዱ «አትጩኹባት፤ በቅሎም ደጋ ስትወጣ ታቃስታለች» ነበር ያሉት። የማንበብያ ክፍሉን ሦስት ሰዓት ፈልጌ ያገኘሁትን እሳቸው እዚያው ያውቁት ኖሯል።

ጠጠሩ ደግሞ ሆዷን ገረፋት። የዘይት መያዣዋ፣ ኮፓው፣ ድንጋይ መትቶት ተሰነጠቀ። ሜካኒኩ ከበርሜል ብረት ቆርጦ ከሥሯ መከላከያ ሠራላት። ሞላዎቿ ሥር ከከባድ መኪና ጎማ የተቆረጠ መደገፊያ አስገብቶ ሦስት ጣት ያህል ከፍ አደረጋት። ጎማዋንም በትልቅ ለወጠው። ሥራውን ሲጨርስ ራቅ ብሎ አያትና «አሁን ወይፈን ሆነች» አለ። ጃፓኖቹ ሊያረዝሟት ሲደክሙ እኛ ከፍ አደረግናት፤ እነሱ ከተማ እያሰቡ፣ እኛ ድንጋይ እያሰብን። አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ፦ መኪናዋ የጃፓን ናት፣ የሳሏት ግሪካዊ ናቸው፣ መሪዋ የዱባይ ነው፤ ሜካኒኩ ሲሠራት የሚጠራው ስም ግን ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኮፓ፣ ሁሉም የጣልያን ነው። ይህን የቋንቋ ጥናት መምህራችን ቢያዩት አንድ ሴሚስተር ያስተምሩበት ነበር።

የሬዲዮዋን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ግን በደል ነው። እሷ በተሠራችበት ዘመን የጃፓን ኤፍ ኤም ከ76 ጀምሮ 90 ላይ ያበቃ ነበር፤ የእኛ ጣቢያዎች አብዛኞቹ ከ90 በላይ ናቸው። ስለዚህ ጥጃዋ ኤፍ ኤም ላይ ደንቆሮ ነበረች። አባቴ ለማስቀየር ሁልጊዜ ያስብ ነበር፣ ሁልጊዜም ሌላ ወጪ ይቀድመዋል። የቀረን መካከለኛው ሞገድ ነው፤ እሱም ቀን ዝም ብሎ ይውልና ሲመሽ ከሩቅ ይመጣል።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ። ቤንዚን የሚባል ነገር ስሙም አልነበረ። አባቴ የጥጃዋን አራት ጎማ ፈታና ድንጋይ ላይ አስቀመጣት፤ ከቤቱ ኋላ በጭድና በሸራ ሸፍኖ። ባትሪዋን ነቅሎ ማድጋው አጠገብ አኖረው። ማታ ማታ፣ ሲጨልም፣ ባትሪውን ተሸክሞ ይወጣና ያስራል፤ ቁልፉን አንድ ቀጭ ያደርጋል፤ ሬዲዮው ይበራል። አሥር ደቂቃ ብቻ ነው፣ ቆጥሮ። ድምፅ ወደ ውጭ እንዳይወጣ በሮቹ ይዘጋሉ። ለአምስት ሰው በተሠራች መኪና ስምንት ሰው ገብተን እናውቃለን፤ ከፊት እማሆይ፣ ከኋላ ጎረቤቶቻችን በላይ በላይ፣ እኔ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ተጣጥፌ። ከውስጥ ሰፊ ናት ያሉት እውነታቸውን ነው።

አንዳንድ ማታ አማርኛ ይገኛል፤ እንደ ንብ ድምፅ ሆኖ፣ እየሄደ እየመጣ። ሁሉም ትንፋሹን ይይዛል። አንዱ ቃል ይሰማል፣ ሁለቱ ይጠፋል፤ ከወጣን በኋላ የጠፋውን እየሞላን እንከራከራለን። አንዳንድ ማታ ደግሞ ባሕሩን ተሻግሮ የሚመጣ የዓረብ ዘፈን ብቻ ነው። አንድ ቀን አባቴ ተናዶ ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ፣ እማሆይ እጁን ያዙት። «ተወው ይዝፈን። የሚዘፍን ሰው ያለበት አገር አለ ማለት ነው» አሉ። አሥሩ ደቂቃ እስኪያልቅ በማናውቀው ቋንቋ ዘፈን ሰማን።

ባትሪው ኅዳር ላይ ሞተ። ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ያ ወቅት አለፈ፤ መብራቱ ግን ከዚያም በኋላ ብዙ ቆየ። ጎማዎቿን ስንመልስላት፣ በሃይላንድ ጠርሙስ የተገኘ ሁለት ሊትር ቤንዚን ቀድተን፣ አባቴ መሪ ይዞ ሰፈሩ ገፋት። ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ተነሣች። ማርሚታዋ ተበስቶ ነበርና ድምፅዋ የአውሮፕላን ያህል ነው። እማሆይ ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ።

እንግዲህ እኔ ይህን ሁሉ በልቤ ይዤ፣ ከላይብረሪው ያገኘሁትንም ጨምሬ፣ ለአባቴ «አትሽጣት» የምልበትን ንግግር አሰናዳሁ። የኢኮኖሚክስ ተማሪ የሆነች ጓደኛዬም ረዳችኝ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ የጣለው ቀረጥ ከባድ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ ቪትዝ ስታረጅ ትወደዳለች እንጂ አትረክስም። በ280 ሺህ የተገዛችው በ24 ዓመቷ 1 ሚሊዮን 350 ሺህ ስትባል ምን ቀረ? ብትቆይ ደግሞ ይጨምራል። የብር ዋጋ ስለ ወረደ ነው እንጂ እሷ ስላማረች አይደለም፤ ቢሆንም ክርክሬ ጠንካራ መሰለኝ።

ዓርብ ማታ ደወልሁ። ያነሣችው እናቴ ናት። ንግግሬን ሳልጀምር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባትሽ መንጃ ፈቃዱን ሊያድስ ሄዶ ዓይኑ ወደቀ» አለችኝ። ግራ ዓይኑ ከዳር በኩል ጠፍቷል፣ ቀኙም እየተከተለው ነው። ግፊት ነው ብለውታል፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ ይጠብቁታል። ከመስከረም ጀምሮ ያውቅ ነበር። ለእኔ እንዳይነገረኝ ያለው ፈተና ስለ ነበረብኝ ነው።

ስልኩን ተቀበላት። «እህስ፣ አሰብሽበት?» አለኝ። «አሰብሁበት። ሽጣት» አልሁት። «እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብሁት» አለና ስለ ምግባችን ጠየቀኝ።

ለገና ወደ ቤት ገባሁ። ለገዢው የተቀጠረው ከበዓሉ ሦስተኛው ቀን ላይ ነበር። በዚያን ዕለት ገና ሳይነጋ አባቴ ቀሰቀሰኝና «ነይ፣ አንዴ» አለኝ። ሕጉን ለጊዜው ተዉት፤ በዚያ ሰዓት መንገዱ ላይ ከእኛ በቀር የነበረ አንድ ባለ አህያ ብቻ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያውን መንገድ ይዘን ቀስ ብለን ወረድን። መንገዱን እንደ መዳፉ ያውቀዋል። «ስንት ነው?» አለኝ። ቁጥሩ 24 ይላል። ቶሎ የሄደ እንዲመስለው ፈልጌ «አርባ» አልሁ። ሳቀ። «ሃያ አምስት ብትሆን ነው፤ ድምፅዋን አልሰማም መሰለሽ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ልክ ልኩን ነገርሁት። ጥቂት ሄደን ዞርን፤ ቤት እስክንደርስ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

ገዢው አራት ሰዓት ላይ መጣ፤ ወጣት ነው፣ ንጹሕ ለባሽ። ኮፈኗን ከፍቶ አየ፣ ሥሯ ገብቶ የበርሜሉን ብረት በጣቱ አንኳኳ፣ ሬዲዮውን ከፍቶ ኤፍ ኤም ፈለገና ሲያጣ ዘጋው።

«ሞዴሏ ስንት ነው?»

«ሁለት ሺህ አንድ» አለ አባቴ።

«በፈረንጅ ነው በእኛ?»

«በፈረንጅ።»

ሰውየው በጣቶቹ ቆጠረና ፊቱን አጨማደደ፤ ሃምሳ ሺህ ልታስቀንስለት ፈለገ። አባቴ ሃያ ቀነሰለት። ሊብሬው ወጣ፣ ፊርማ ሆነ፣ ብሩ ባንክ መግባቱ በስልክ ተረጋገጠ። እናቴ ቡና አፍልታ ነበር፤ ሁለተኛውን ሳይጠጣ ተነሣ፤ ሳይመሽ ወልድያ መድረስ ይፈልጋል። አባቴ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ስለ ፍሪሲዮኑ፣ ድልብ ላይ ስለሚይዘው ማርሽና ስለ ኮፓው ነገረው። ስለ ፍሬቻው ግን ረሳ፤ ወይም አልረሳም።

ከግቢያችን ወጣና ከታች ወዳለው መታጠፊያ ደረሰ። ጥር ገብቷል፣ ሰማዩ አንድ ደመና የለበትም። መጥረጊያው ተነሥቶ ደረቁን መስታወት ክርር አደረገው፣ ደግሞ ክርር። ሰውየው ደንግጦ ቆመ። አባቴ ያን አላየውም፤ ጆሮውን ግን ወደዚያ አዘንብሎ ነበር፤ ሰማው።

«ይለምዳል» አለ።